የኢርምጋርድ አስተርጓሚ

ዛሬም እንቅልፍ የለም። ማታ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅሁ ጀምሮ ጣሪያውን እያየሁ ነው፣ አሁን ደግሞ ሰማዩ ነጣ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ከቤቱ በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ፣ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለችው በዩለስ ከተማ ሰው መንጋቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ፎቅ ላይ ያለው ሻንጣ ጫኝ ጎረቤቴ ሻወሩን ከፈተ፣ አሁን ይወጣል፣ ደረጃው ላይ ብንገናኝ «እንዴት ነሽ?» ይለኛል፣ መልሴን ሳይሰማ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ቢሰማስ ምን ያደርጋል ምስኪን፣ ሥራ ይረፍድበታል። ተነሺ የሺሐረግ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ረፋዱ ላይ ሪቻርድሰን ከተማ መድረስ አለብሽ። ትንሽ ልቆይ። መልእክቱን አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ ልስማው። ከአልጋው ሳልወርድ እጄን ዘርግቼ የአንሰሪንግ ማሽኑን ቁልፍ ተጫንኩት። «ሃይ ዬሺ፣ ግሌንዳ ነኝ፣ የኢርማ ልጅ። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ እቤት ብቅ ብትዪልኝ ደስ ይለኛል። ስለ ካሴቶቹ ነው። ኦኬ የኔ ማር፣ ባይ።» ማክሰኞ ዛሬ ነው። ድምጿ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፣ አምስት ጊዜ ሰምቼ አምስት ጊዜ አጣሁት። የቴክሳስ ሰው ሲቆጣና ሲደሰት ልዩነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ፣ ይኸው ሦስት ዓመቴ፣ ገና አልደረስኩበትም።

ጀርመን ቢሆን እንዲህ አልጨነቅም ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቴ በሱዳን በኩል ወጥቼ ካሰል የምትባል የጀርመን ከተማ ገባሁ፣ አስራ አንድ ዓመት እዚያ ኖርኩ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት እየሠራሁ። ከእኔ ሥር የምትኖር ፍራው ክሎዜ የምትባል ባልቴት ነበረች። በገባሁ በሦስተኛው ቀን በሬን ቆረቆረች፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ሽንኩርትዎ እስከ ምድር ቤት ይሸታል፣ መስኮት ይክፈቱ። ደረጃውን ደግሞ በዚህ ሳምንት የሚጠርጉት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ያን ቀን አለቀስኩ። እሁድ ልብስ ባሰጣ ትመጣለች፣ ማታ ውሃ ባፈስ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትደበድባለች። በስምንተኛው ዓመት የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ፣ አገርሽ መንግሥት ተለውጧል፣ ከእንግዲህ የሚያሳድድሽ የለምና አገርሽ ግቢ ብሎ ሲጽፍልኝ ግን ያቺው ፍራው ክሎዜ ካፖርቷን ደርባ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ሳልጠይቃት አብራኝ ሄደች። ጸሐፊውን ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ «ይህች ሴት ደረጃችንን በሥርዓት ትጠርጋለች! ወዴት ነው የምትልኳት?» ብላ ጮኸችበት። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለችኝ። ስምንት ዓመት እርስዎ ስትለኝ ኖራ! እነሱም እንደ እኛ አንቱታ አላቸው፣ አንቺ እስኪባባሉ ዘመን ይፈጃል፣ ከተባባሉ በኋላ ግን መልሰው አይነሡህም። ወረቀቱን ግን ነሡኝ። ስድስት ወር እየጨመሩ፣ ሦስት ወር እየጨመሩ ቆዩና በመጨረሻ በቃ አሉ። አዲስ አበባ አብሮኝ የተማረ ሀይሌ የሚባል ልጅ ከዳላስ ሆኖ የሞላልኝ የዲቪ ሎተሪ ባይወጣ ኖሮ የት እንደምሆን እንጃ።

እና እዚህ መጣሁ። በገባሁ ቀን ከጎን ያለችው ሴትዮ የፖም ኬክ ይዛ በሬን አንኳኳች፣ አቀፈችኝ፣ «አንድ ቀን እኛ ጋ ትመጪያለሽ» አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ፣ ለፍራው ክሎዜ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ አንቺ ስምንት ዓመት የፈጀብሽን ይህች በስምንት ደቂቃ ጨረሰችው ብዬ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሆነ፣ ያ አንድ ቀን ገና አልመጣም፣ ስሜንም አታውቀውም። መኪና ሳልገዛ በፊት በእግሬ ወደ ሥራ ስሄድ ፖሊስ አጠገቤ አቁሞ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎኛል፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር የሆነ ነው እዚህ። ሱቅ ውስጥ ሒሳብ የምትቀበለኝ ልጅ እጄን ይዛ ጸልያልኛለች። የሥራ ጓደኛዬ ደግሞ ወልዳ በአስራ አንደኛው ቀን ዩኒፎርሟን ለብሳ መጣች፣ ጡቷ ሸሚዟን እያራሰው አልጋ ስታነጥፍ አየሁና ካሰል ብትሆን ሕጉ ራሱ ከቤት አያስወጣትም ነበር አልኩ በሆዴ። ጀርመን ወንበር ሰጥቶ በሩን ነሣኝ፣ አሜሪካ በሩን ከፈተልኝ፣ ወንበር ግን የለም። ይህን ለሀይሌ ብነግረው ይስቃል። ኤርፖርት ሻትል ነው የሚነዳው፣ ሁሉንም ነገር «ማለቴ» ብሎ ይጀምራል። «ማለቴ፣ ግሪን ካርድሽን ይዘሽ ሌላ ምን ወንበር ፈለግሽ? ሪላክስ አድርጊ።»

አሁን ታጠብኩ። ፀጉሬን አበጠርኩ። የቱን ልብስ ልልበስ? ለቀብሩ የለበስኩትን አይሆንም።

የምሠራበት መጦሪያ ቤት ጎረቤት ከተማ ቤድፎርድ ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ አምስት። ኢርምጋርድን እዚያ ያገኘኋት ባለፈው ጥቅምት ነው። በሩ ላይ ኢርማ ይላል፣ ሁሉም ኢርማ ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመቷ ሳለ፣ ከጦርነቱ በኋላ፣ ፎርት ዎርዝ የተወለደ አንድ አሜሪካዊ ወታደር አግብቷት ከተቃጠለው አገሯ ከጀርመን አመጣት፣ ሃምሳ ዓመት ኖረች፣ ባሏ ለልጅሽ በእንግሊዝኛ ብቻ አውሪላት ብሎ ስለነበር ጀርመንኛዋ እንደ ክረምት ብርድ ልብስ ታጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። ኋላ ባሏ ሞተ፣ የመርሳት በሽታው መጣ፣ እንግሊዝኛውን ከላይ ከላይ ልጦ ጣለው። እኔ ስደርስ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አልነበራትም። ነርሶቹ ሲያጥቧት ስትጮህ እንዲያው የምትቃዥ ይመስላቸዋል። በሁለተኛው ቀን ፎጣ ይዤ ገባሁ፣ ቀና ብላ አየችኝና በጀርመንኛ «ውሃው በረዶ ነው፤ እዚህ ቤት የሚሰማ ሰው የለም?» አለች። «አሁን አሞቅልዎታለሁ» አልኳት በቋንቋዋ። ፊቷን ምን ልበለው። እጄን ያዘችና እስክትጠግብ ሳመችው፣ ከዚያ ወዲያው ተቆጣችኝ፣ «እስካሁን የት ነበሩ? ስንት ጊዜ ጠራሁ!»

እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። እንደዚያ በግልጽ የተቆጣኝ ሰው ከመጣሁ ጀምሮ አልነበረም።

ያን ቀን ማታ ልጇ መጣች። ግሌንዳ። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሪቻርድሰን የስልክ መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ኃላፊ ናት፣ የታሰረ ፀጉር፣ ጥሩ ሽቶ፣ እቅፍ አበባ። ነርሶቹ ነግረዋታል፣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ፣ «አንቺ ነሽ የኔ ማር? የእናቴን ቋንቋ ትችያለሽ አሉኝ። እባክሽ ግቢና ምን እንደምትል ንገሪኝ፣ እኔ ሁለት ዓመት ሆነኝ አንድ ነገር ከሰማኋት» አለችኝ። ገባን። ኢርምጋርድ ልጇን አየቻትና ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ይህች ሴትዮ ደግሞ መጣች። እንደ ሱቅ ትሸታለች። ዕቃዬን የወሰደችው እሷ ናት። ያስወጡልኝ።»

«ምን አለች?» አለች ግሌንዳ። አበባውን ገና አላስቀመጠችም።

እስቲ ምን ማለት ነበረብኝ? ፍራው ክሎዜ ብትሆን ቀጥ ብላ ትነግራታለች፣ እናትዎ አላወቀችዎትም፣ ይውጡ ብላለች፣ በቃ። ካሰል አንድ ልጅ አባቱን አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ «አባባ፣ ከዚህ ቤት አትወጣም፣ የምትሞተው እዚህ ነው» ሲለው ሰምቻለሁ፣ አባትየው ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ሁለቱም ቡና ጠጡ። እኔ ግን የማን ልጅ ነኝ? እኛ መርዶ እንኳ በአንዴ አንናገርም፣ ታሟል እንላለን፣ ጠንቶበታል እንላለን፣ ዘመድ ሰብስበን፣ በማለዳ ሄደን፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄደን ነው የምናረዳው። ምላሴ እኔን አላማከረችኝም።

«ሽታሽ ደስ ይላል አለች» አልኳት። «አበባውንም ወደደችው።»

ግሌንዳ ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። ትልቅ ሴት፣ እንደ ልጅ። ያን ያየ ሰው ሁለተኛ ጊዜ እውነት ይናገራል? እንግዲህ በዚያው ቀረሁ። በሳምንት አንድ ቀን ትመጣ የነበረችው ሦስት ቀን መምጣት ጀመረች፣ ሁልጊዜ ምን አለች ትለኛለች፣ እኔም እፈጥራለሁ። ኢርምጋርድ «እህቴ ሎተ የት አለች፣ ባቡሩ ያመልጠናል» ስትል «ልጅ ሆነሽ ባቡር ትወጂ እንደነበር ትዝ አላት» እላለሁ። «እዚህ አገር ባልመጣ ኖሮ» ስትል «አንቺን እዚህ በመውለዷ ደስተኛ ናት» እላለሁ። ግሌንዳም ለእናቷ እንድነግርላት ትሰጠኛለች፣ እወድሻለሁ በያት ትለኛለች፣ ያንን በትክክል እተረጉማለሁ፣ ኢርምጋርድ ደግሞ «ይህች ሴትዮ ምን ፈልጋ ነው?» ትለኛለች። ሁለቱም እጄን ይዘው። መሃላቸው ቆሜ።

በኋላ ግሌንዳ ቴፕ ሪከርደር ይዛ መጣች። «ድምጿን ለማስቀረት ነው» አለች፣ አልጋው ራስጌ ላይ አስቀመጠችው፣ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። ያን ሳምንት ለሀይሌ ነገርኩት፣ ሻትሉ ውስጥ ተቀምጠን። «ሶ ምን አጠፋሽ?» አለኝ፣ «ሴትዮዋን ሃፒ አደረግሻት።»

«እውነቱን ብታውቅስ?»

«እንዴት ታውቃለች? ጀርመንኛ የሚችል ሰው ቴክሳስ ውስጥ የት ታገኛለች?» ሲል ሁለታችንም ሳቅን። ግሌንዳ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ውስጥ እንደምትኖር ለሁለታችንም አልታየንም።

ያን ሰሞን እሁድ እሁድ አዲስ አበባ እደውላለሁ። ስልኩን የምታነሳው እህቴ አየለች ናት፣ እናታችንን ይዛ ጉለሌ የቀረችው እሷ ናት። እናቴን አገናኚኝ እላታለሁ። ተኝታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ጉሮሮዋን ጉንፋን ይዟታል። «ግን ደህና ናት፣ ስምሽን እየጠራች ትመርቅሻለች» ትለኛለች አየለች። እኔም አሜን እላለሁ፣ የስልክ ካርዱ ያልቃል፣ ሌላ ሳምንት ይመጣል። ምን ብዬ እጠራጠር? ምርቃት አይጠየቅም።

አሁን እየነዳሁ ነው፣ መንገዱ ተዘጋግቷል፣ የጧቱ መኪና ሁሉ ዳላስ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ከፊቴ ያለው መኪና ኋላ ላይ ፈገግ ያለ ክብ ፊት ተለጥፏል። ግሌንዳ ለኃላፊዬ ነግራ ይሆን? ነግራ ከሆነ ነገ ሥራ የለኝም። ይሁን። እሱ አይደለም እንቅልፍ የሚነሣኝ። የሚያዝያው ቀን ነው።

ዝናብ ነው። ሺፍቴን እንደጀመርኩ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ ኢርምጋርድ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም፣ መብላትም ትታለች። ፀጉሯን እያበጠርኩላት ነው። ግሌንዳ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዳለች፣ ሪከርደሩም እሷ ጋ ነው። ኢርምጋርድ ድንገት ዞረች፣ ዓይኗ ጥርት ብሏል፣ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «ትምህርት ቤት ተለቀቀ» አለች። «ግሌንዳን ማን ያመጣታል? ካፖርቷን ትታ ነው የሄደችው።» እጄ ቆመ። «ግሌንዳን?» አልኳት። «ግሌንዳን ነዋ! ልጄን!» ተቆጣች፣ ልትነሳ ወንበሩን ያዘች፣ «አጥሩ ጋ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ እሷ እኔ ሳልመጣ ከማንም ጋር አትሄድም፣ እንዲያ ናት፣ ዝናብ ቢደበድባትም ትጠብቀኛለች። ጫማዬን ይስጡኝ!» ጫማዋን አጠለቅሁላት። እግሯ ሸምበቆ አክሏል። ደግፌያት እስከ ኮሪደሩ በር ሄድን፣ በመስታወቱ ዝናቡን አየች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ግሌንዳ፣ ግሌንዳ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ካይኗ ጠፋ፣ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ግሌንዳ ሳትደርስ።

ቀብሩ ላይ ሁሉም ፈገግ ይላል። «የተሻለ ቦታ ናት» ይባባላሉ፣ ዋይ የሚል የለም፣ እኔ ብቻ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወትፌ። ያን ቀን ግሌንዳን እናትሽ ስምሽን ጠራች ልላት ነበር። ሰው ከቧታል፣ እንዳትሰበር ፈራሁ፣ ይደርሳል ብዬ ተውኩት። ይደርሳል! ሰው ያልዋሸውን አንድ ነገር እንዴት ይደርሳል ብሎ ያሳድራል?

ግሌንዳ በሩን ስትከፍት አቀፈችኝ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሪከርደሩና በጽሕፈት መኪና የተመታ የወረቀት ክምር አለ። የበረዶ ሻይ ቀዳችልኝ። «ሥራ ቦታሽ ለማንም አልነገርኩም፣ አልናገርምም» አለችኝ በመጀመሪያ፣ ያንን በመጀመሪያ ማለቷን ሳልዘነጋላት እሞታለሁ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። «እዚህ ዩኒቨርሲቲ ጀርመንኛ የሚያስተምሩ አንድ ሰው አሉ። ለልጆቼ መጽሐፍ ላደርገው ፈልጌ ሰጠኋቸው። ሁለት ወር ፈጀባቸው።» መነጽሯን አደረገች። «ካሴት ሦስት። እናቴ፣ ይህች ሴትዮ ዕቃዬን ሰርቃለች። አንቺ፣ ፀጉርሽን ወደደችው። ካሴት አምስት። እናቴ፣ ያስወጡልኝ። አንቺ፣ ናፍቀሻት ነበር። ካሴት አምስት አሁንም...»

«ይቅርታ» አልኩ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አልተቆጣሁም የኔ ማር።»

ተቆጪ! ተቆጪ አልኳት በሆዴ፣ ብድግ በይና ውሸታም በይኝ፣ ከቤቴ ውጪ በይኝ፣ ፍራው ክሎዜ ብትሆን እስካሁን ወንበሩን ከሥሬ ስባዋለች፣ እኔም እመልስ ነበር፣ እጮህ ነበር፣ እንለቃቀስ ነበር። ግሌንዳ ግን ወረቀቱን አስተካክላ ደረደረችው። የተስተካከለውን እንደገና አስተካከለችው። ጥርሷ ይስቃል።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለች። «ከመቶ ሰባ ገጽ ውስጥ ስሜ የለም። አንድም ቦታ። ካሴቱ በሌለበት፣ አንድ ቀን፣ ስሜን ጠርታው ታውቃለች?»

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ነገርኳት። ዝናቡን፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩሉን፣ ካፖርቱን፣ አጥሩን፣ ከማንም ጋር አትሄድም ማለቷን፣ ጫማውን፣ ከንፈሯ ስሟን እየደጋገመ መንቀሳቀሱን፣ ሁሉንም፣ እንግሊዝኛዬ እየተሰባበረ፣ እያለቀስኩ፣ ቃል በቃል፣ ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳላጣፍጥ። ስጨርስ ፊቷን አየሁት። ግሌንዳ እጄን ያዘች። ፈገግ አለች።

«እንዴት ያለሽ ደግ ሰው ነሽ» አለችኝ። «አመሰግናለሁ የኔ ማር። ልቤን ደስ አሰኘሽው።»

«እውነቴን ነው ግሌንዳ። ይህኛው እውነት ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «አውቃለሁ የኔ ማር።» እጄን መታ መታ አደረገችው፣ ብድግ አለች፣ ብርጭቆዬን አነሳች።

አላመነችኝም። ያን ጊዜ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ይኸው ደረስኩበት፣ ፈገግታቸው ሲዘጋ ምን እንደሚመስል አወቅሁ። የሚደበደብ በር የለውም። «ውሸት ነው» ብትለኝ እከራከራት ነበር፣ መስኮቱን፣ ማበጠሪያውን፣ የጫማውን ቀለም እየቆጠርኩ አሳምናት ነበር። «አውቃለሁ የኔ ማር» ላለች ሴት ምን ይባላል? የእናቷን አንድ እውነተኛ ቃል ይዤ መጥቼ፣ በራሴ ውሸት አርክሼ ሰጠኋት፣ እሷም እንደ ርካሽ ስጦታ አመስግና ተቀበለችው፣ አንድም ቀን አትከፍተውም።

እስከ መኪናዬ ሸኘችኝ። ፀሐዩ ያቃጥላል። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ እንዲያው ለጨዋነት፣ «ያንቺ እናት በሕይወት አሉ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ደህና ናት። ስሜን እየጠራች ትመርቀኛለች፣ እህቴ ትነግረኛለች።»

ግሌንዳ አየችኝ። እኔም ሰማሁት፣ ከራሴ አፍ የወጣውን። እህቴ ትነግረኛለች።

መንገዱን እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ዩለስ፣ ቤቴ፣ በሩን ሳልዘጋ ስልኩን አነሳሁ። እዚያ መሽቷል፣ እራት ሰዓት ነው። አየለች አነሳች፣ ማክሰኞ ስለሆነ ደነገጠች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። አየለች፣ እናታችን ስሜን ትጠራለች?»

«እንዴ፣ ምን ማለትሽ ነው፣ ሁልጊዜ ነዋ፣ ትናንትና እንኳ...»

«አየለች። በአባታችን አጥንት።»

ሬዲዮ ይሰማኛል፣ የሰሃን ኮሽታ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ከመስከረም ወዲህ ጠርታሽ አታውቅም። እኔንም ሠራተኛ አድርጋኛለች፣ ደሞዝሽን ማን ይከፍልሻል ትለኛለች። ምን ልበልሽ የሺ? ያን ያህል አገር ተሻግረሽ፣ ብቻሽን፣ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

አልተቆጣኋትም። እኔ፣ ከሰው ሁሉ፣ በምን አፌ እቆጣለሁ? «ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ» አልኳት።

«አታውቅሽም እኮ።»

«ግድ የለም፣ አድርጊልኝ።»

የነጠላ ድምፅ ሰማሁ፣ ስልኩ ሲተሻሽ። ከዚያ ትንፋሽዋ። ዘጠኝ ወር ያልሰማሁት።

«ሀሎ፣ ማን ልበል?» አለች እናቴ።

ስሜን ልናገር ነበር፣ ተውኩት። «ከሩቅ ነው እማማ፣ ከውጭ ነው የምደውለው።»

«ውጭ ምን ያቆምዎታል? ይግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ» አለችኝ።

እርስዎ አለችኝ። የወለደችኝ እናቴ፣ አንቱ አለችኝ። ግድግዳውን ያዝኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት። «ልጆች አሉዎት?»

«ሁለት ሴቶች። አንደኛዋ የት እንደሄደች እንጃ። ታናሽዋ ውጭ አገር ናት።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት ይሉኛል።» ትንፋሽዋ ረዘመ። «እኔ አላምናቸውም። ዓይናቸው ይዋሻል። እርስዎ ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ።»

«ደህና ናት?»

ምላሴ ላይ መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ለስላሳው፣ ደህና ናት እማማ፣ ወፍራለች፣ ቤት ሠርታለች፣ ትስምዎታለች። ከንፈሬ ተከፍቶ ነበር። አየለች እዚያ ማዶ እንደምታለቅስ ይሰማኛል።

«አይደለችም እማማ» አልኳት። «እንቅልፍ የላትም። ብቻዋን ናት።»

«አዬ!» አለች እናቴ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው። «ብያቸው ነበር እኮ። ስንት ጊዜ ብያቸው ነበር።» ከዚያ ቦታ ስታበጅልኝ፣ በእጇ ፍራሹን መታ መታ ስታደርገው ተሰማኝ። «በሉ እንግዲህ ይቀመጡ። ይቀመጡና ስለ ልጄ ያጫውቱኝ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ ከካሰል ደረጃ ጀመርኩላት።